ዓይን መቁጠር

ኒስሪን ከክፍሌ የቀረችው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ኢንተርኔቱ ነው፣ ሞደሙ ነው፣ ሕንፃው ነው እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሽቻለሁ። ሞደሙ ምንም አላደረገም። ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በደከመ አፌ፣ ለማሳቅ ብዬ።

ሥዕል የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፣ አራት ዓመት። ሜልበርን ከመጣሁ ወዲህ ግን ብሩሽ ከያዝኩበት ቀን የፕላስቲክ ጓንት ያጠለቅኩበት ይበልጣል። ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ናይት ሺፍት እሠራለሁ። የታጠበ ሰላጣ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ይመጣል፣ የጠወለገውን እየለቀምኩ እጥላለሁ፣ ደህናው ወደ ከረጢት ያልፋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቅጠል ብቻ ማየት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ያልሞከረው አያውቀውም። ጠዋት ብሬብሩክ ያለው ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን ቅጠሉ አሁንም ይሄዳል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ወዲያው አልተኛም። ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ቤታቸው ለሚማሩ አምስት ልጆች የሥዕል ታሪክ አስተምራለሁ።

ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ ተረፈች ናት፤ ጎረቤቴም የቸርች እህቴም ነች። ልጇን ጉርሜሳን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ራሷ ታስተምረዋለች። ቤት የሚያስተምር ወላጅ ይመዝገብ፣ ስምንቱንም የትምህርት ዓይነት ይሸፍን የሚል ደንብ በፈረንጆች 2007 ሲመጣ «አርት» የሚለው ቦታ ላይ የምትሞላው አጣችና በሬን አንኳኳች። አንቺ ሥዕል ተምረሽ የለም ወይ አለችኝ። ለአንድ ወር ብዬ እሺ አልኩ። እሷ ደግሞ እንደሷ ልጆቻቸውን ቤት ያስቀሩ እናቶችን ከየሰፈሩ አፈላልጋ ሰበሰበች፣ የኔም አንድ ወር ስምንት ወር ሆነ።

ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት በነፃ የሚገኝ ነው። በኔ ስክሪን ሥዕሉ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ የልጆቹ ፊት ደግሞ በትንንሽ ሳጥን ዳር ዳሩን ይደረደራል። የኔ ካሜራ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ሌሊቱን ሰላጣ ሲለቅም ያደረ ፊት ለማንም አይጠቅምም። አንዱ ቤት ውስጥ ስልክ ከተነሣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሁለት ልጅ አንዴ ከተናገረ የሁለቱም አይሰማም። ሥዕሎቹን ዋዜማውን ለተረፈች እልካለሁ፤ ልብስ ያልለበሰ ሰው ካለ ታስወጣለች። አንዴ ፈረስ ብቻ ያለበትን ሥዕል ስታስመልሰኝ ምነው ብላት፣ ከኋላው ያለው ዳመና ደስ አላለኝም አለች። አልተከራከርኳትም፣ እንቅልፌ መጥቶ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከአንድ ወር በላይ ያቆየችኝ ኒስሪን ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ዙሃራ ደሴ ያደገች የወሎ ሰው ናት፤ ፍሌሚንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ኒስሪን ብዙ አትናገርም፣ ስትናገር ግን አይታ ነው። አንድ ቀን የሆላንድ ሠዓሊ የሣለውን ማድ ቤት አሳየኋቸው። ሌሎቹ ሴትየዋ ቆንጆ ናት፣ አይ ወፍራም ናት ሲባባሉ፣ ኒስሪን ቆይታ ቆይታ ዳቦው የትናንት ነው አለች። እንዴት አወቅሽ ስላት፣ ቢላዋው አጠገቡ ያለው ፍርፋሪ ደርቋል አለች። ሥዕሉን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፣ ፍርፋሪውን ግን አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሁልጊዜ በጎን ነው የምትቀመጠው። ሳጥኗ ውስጥ የሚታየው ቀኝ ጉንጯና የሻሿ ጠርዝ ነው። ካሜራው ከኮምፒውተሩ ራቅ ብሎ በጎን የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። አልጠየቅኳትም።

ግንቦት ላይ ስለ አገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላስተምር ተነሣሁ። ተረፈች አኮረፈች። እኛ ከዚያ ነው የወጣነው፣ ልጄን መልሰሽ ልትከቺው ነው ወይ አለች። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው የተሣለው ብላት አልሰማችኝም። ያገዘችኝ ዙሃራ ናት። ታሪክ ከሆነ ታሪክ ነው፣ ልጄ የወላጆቿን አገር ትወቅ ብላ ደውላ ተረፈችን አሳመነቻት። እኔም ለአንዴ ደንበኛ ትምህርት ላዘጋጅ ብዬ ሁለት ሳምንት ሥዕል ስለቅም ከረምኩ።

ትምህርቱ የወደቀው ግን መጥፎ ቀን ላይ ነው። መጋዘን ውስጥ ሁለት ሰው ታሞ ቀርቶ እሑድንም ሰኞንም በድርብ ሺፍት ሠርቻለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ማውሱን ስይዝ ጣቶቼ ገና አልሞቁም ነበር።

የድሮ ሠዓሊዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው። ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳም እንዲሁ ነው፣ ሰይጣንም እንዲሁ ነው፣ ክርስቶስን የሚገርፉት ወታደሮችም እንዲሁ ናቸው። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸውና ጨዋታ አደረግኩት፤ ሥዕል አወጣለሁ፣ ዓይን ቆጥረው ክፉውን ያገኛሉ። እንደዚያ ቀን ነቅተው አያውቁም። ጉርሜሳ እየጮኸ ይሁዳን ከእራቱ ማዕድ ሁለቴ አገኘው። እኔም ከድካሜ ጋር ሳቅ ሳቅ አለኝ። እነሱ ሲስቁ ደግሞ ጨዋታው እንዳያልቅ ፈለግኩ።

«እስቲ አሁን ከመሀላችን ክፉው ማን እንደሆነ ሳጥኖቹን ቆጥራችሁ ንገሩኝ» አልኩ።

አምስት ሳጥን ነው። አራቱ ፊት ለፊት ያያሉ።

«ኒስሪን ናት» አለ ጉርሜሳ በእንግሊዝኛ። «አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ይህን አልደብቅም። ወዲያው የኒስሪን ሳጥን ጠቆረ። ስልክ ተነሥቶባት ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ። አንድ የመጨረሻ ስላይድ ነበረኝ፣ የአክሱም ነገሥታት በጎን የተቀረጹባቸው ሳንቲሞች፤ ልማዱ የሠዓሊዎቹ እንጂ የፊቱ እንዳልሆነ ላሳይበት ያዘጋጀሁት ነው። ዓይኔ ስለተጨፈነብኝ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን ብዬ ዘጋሁትና ተኛሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ቀሰቀሰኝ። ዙሃራ ናት። ከእሷ ጋር እኩያ ነን፣ ስንነጋገር አንቺ እንባባላለን። ያን ቀን አንቱ አለችኝ። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኒስሪን የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የግራ ዓይኗ ውስጥ በሽታ ተገኘና ሐኪሞች ነፍሷን ለማትረፍ አወጡት። አሁን ያለው ሰው ሠራሽ ነው። ትምህርት ቤት ሳለች ልጆች አውጪና አሳዪን እያሉ ሽንት ቤት ድረስ ይከተሏት ነበር። ምግብ መብላት ስታቆም ነው ከዚያ ያስወጧት። ለእኔም ለተረፈችም ያልነገሩን ዓይኗን ማንም የማያውቅባት አንድ ቦታ ይኑራት ብለው ነው። በሳምንት ውስጥ ከቤተሰቧ ውጭ ከልጅ ጋር የምታወራው በዚያች አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ አሁን እሱንም አልፈልግም ብላ ኮምፒውተሩ ላይ ፎጣ ጥላበታለች።

«ልጄን ቤት ያስቀረኋት ዓይኗን የሚቆጥርባት እንዳይኖር ነበር» አለችኝ ዙሃራ። «አንቱ ቤቴ ድረስ ገብተው ቆጠሩባት።»

አላወቅኩም ነበር አልኳት። እንዳያውቁ ብለን እኮ ነው አለችና ዘጋችው። አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ መሸብኝ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የሳንቲሞቹን ስላይድ አሳየሁ። ልጆቹ ዝም ብለው አዩት፤ ማየት የነበረባት ግን የለችም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩላት፣ አልመለሰችም። ለዙሃራ ደወልኩ፣ አታነሣም። ጉርሜሳ ኒስሪን የት ሄደች ሲለኝ ኢንተርኔት ነው እላለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው፣ እዩ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ በሉ ብዬ ሁሉንም እንዳልሰበስብ ምስጢሩ የኔ አይደለም። ተረፈች ደግሞ ነገሩን በራሷ መንገድ ተረዳችው። ነግሬሽ ነበር፣ እነዚያ ሥዕሎች ለእስላሞቹም አልተስማሟቸውም አለችኝ። አይደለም ብላት ምክንያቱን ትጠይቀኛለችና ተውኩት። በሷም ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ፣ መናደዱ ራሱ አደከመኝ።

ሦስተኛው ማክሰኞ ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ የሚወስደኝን ባስ ትቼ ሁለት ባስ ቀይሬ ፍሌሚንግተን ሄድኩ። የሳንቲሞቹን ሥዕል በወረቀት አትሜ ይዣለሁ። ግንባሬ ላይ የፀጉር መሸፈኛው ላስቲክ የሠራው መስመር ገና አልጠፋም። በሊፍቱ መስታወት ሳየው ልመለስ አሰብኩ።

ዙሃራ በሩን ከፈተች። ግቢም አላለችኝም፣ አልዘጋችብኝምም። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አልተኛሽም» አለችና መንገዱን ለቀቀችልኝ።

ኒስሪን ጠረጴዛ ላይ ሒሳብ ትሠራለች። ስታየኝ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቀኝ ጎኗን ሰጠችኝ። እንደዚያ እንድትቀመጥ ያደረጋት የካሜራው ቦታ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ። ማንም ሲመጣ እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እሺ አለች፤ ልጆች ትልቅ ሰው እንዲሄድላቸው ሲፈልጉ የሚሉት ዓይነት እሺ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እነዚህ ነገሥታት ናቸው፣ እነሱም በጎን ናቸው፣ ክፉ ስለሆኑ አይደለም አልኳት። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ያን ቀን ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የመጨረሻው ስላይድ እሱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽንም?»

ባስ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ረጅም ነበር፣ ሁሉም ውሸት ነበረበት።

«ደክሞኝ ነበር» አልኳት።

ከዚያ ፊቷን ሳታዞር በዓይኗ ብቻ ወደኔ አየች።

«ፊትሽን ዛሬ ነው ያየሁት» አለች። «ካሜራሽን ለምንድን ነው የማትከፍቺው?»

ደክሞ ስለሚታይ ነው አልኳት። እኔም ይደክመኛል አለች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በጎን ስቀመጥ አንገቴን ያመኛል፣ ማታ እማዬ ታሽልኛለች። ዙሃራ ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ ስትተነፍስ ሰማኋት። ታዲያ ለምን እንደዚያ ትቀመጫለሽ አልኩ፤ የሞኝ ጥያቄ ነው፣ ግን ጠየቅኩ። ኒስሪን ተነሣች፣ ፎጣውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈችና ፕሮግራሙን ከፈተች።

«እዪዋ» አለችኝ።

ስክሪኑን ግማሽ የሚሆን ቦታ ይዛ የራሷ ፊት ወጣች። ጥርት ያለ ነው፤ የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል። ወደ ካሜራው ፊት ለፊት ዞረች። ቀኙ ዓይን ሲንቀሳቀስ ግራው እንደቆመ ይቀራል፣ በዚያ መጠን ማንም ሰው ያየዋል። ጥግ ላይ አራት ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ የሌሎቹ ልጆች ቦታ ነው። ናይት ሺፍት የሠራ ጭንቅላት ቶሎ አይገባውም፤ እዚያው ቆሜ የማየውን ነገር ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ካሜራዬን ከፍቼ ስለማላውቅ ፕሮግራሙ ካሜራ ለከፈተ ሁሉ የራሱን ፊት አግዝፎ እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር።

«ኒስሪን» አልኳት፣ «ይህን አንቺ ብቻ ነሽ የምታዪው። እኛ ጋ እንዲህ አይደለሽም።»

አላመነችኝም። ጉርሜሳ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ትንሽ ናቸው፣ ትልቋ እኔ ነኝ አለች። ሁሉም ቤት ያለው ስክሪን አንድ ዓይነት መስሏት ነው። ስምንት ወር ሙሉ አምስታችንም እሷን ብቻ በትልቁ የምናያት መስሏት ነበር። እሷን ብቻ ለምን እንዳገዘፋት አልጠየቀችም፤ ሰው ከሌላው ለይቶ እሷን ሲያይ ለምዳለች።

የአውራ ጣቴን ጥፍር አሳየኋት። ይህን ታክያለሽ አልኳት፣ እሱም ብዥ ያለ ነው፤ ጉርሜሳን አንቺ እንደምታዪው ነው እሱም የሚያይሽ። ጥፍሬን አየችው፣ ስክሪኑን አየችው።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ደስ አላላትም። ቁጭ አለችና እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፣ ስታለቅስም ድምፅ አላሰማችም። ዙሃራ ወደ ማድ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው ለብዙ ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ነገ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ስወጣ ዙሃራ እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ። እኛም እኮ ያንኑ ስክሪን ነው የምናየው፣ አባቷም እኔም፣ አንዳችንም ሌላ ሰው ጋ ምን እንደሚታይ አልጠየቅንም አለችኝ። ሂጂና ተኚ አለችኝ ደግሞ።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ካሜራዬን ከፈትኩ። ፊቴ ግማሽ ስክሪን ሞልቶ ወጣ፣ ከነዓይኔ እብጠት፣ ከነግንባሬ መስመር። ልዘጋው እጄ ሄደ። ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ አንዷ ቲቸር ነሽ እንዴ አለችኝ፣ ጉርሜሳ እናቱን ጠርቶ አሳያት። አራት ሆኑ። ሦስት ሰዓት ከአምስት ሆነ። ሥዕል አወጣሁ፣ ምን እንደምናገር ግን አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ አምስተኛው ሳጥን ላይ ነው። እንደማትመጣ ለራሴ ነግሬ ጨርሼ መናገር ስጀምር ሳጥኑ በራ።

ፊት ለፊት ነው የተቀመጠችው። ሙሉ ፊቷን፣ ሁለቱንም ትከሻዋን አየሁ። የቱ ዓይን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠግቼም ፈለግኩት፤ አልለየሁትም። ሁለት ጥቁር ነጥብ ነው፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ። ለዚህ ነው ልጅቷ ስምንት ወር አንገቷ የታመመው።

ጉርሜሳ ማይኩን ከፈተ።

«ኒስሪን፣ ካሜራ ቀየርሽ እንዴ?» አላት በእንግሊዝኛ። «የሆነ ነገርሽ ተለውጧል።»

ኒስሪን ማይኳን ከፈተች።

«አይ» አለችው። «ወንበሬን ነው ያዞርኩት።»